ዳገቱ ላይ የምትቆመው ቀይ መኪና

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀይዋ መኪና በገመድ ተጎትታ ግቢያችን ገባች። የጽጌ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ዝናቡ ሄዷል፤ አጥሩ ሥር ያለው አደይ አበባ ጫፍ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። እኔ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ሰፌዱን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቀና ስል፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ አቧራ የለበሰ ነገር በበሩ ብቅ አለ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ገና ልጅ ስለሆነች ነው ብዬ አሰብኩ። ቆይታ የኋላ ወንበር የምታበቅል፣ ከዚያም እንደ አውቶቡስ የምትረዝም መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለሰው የምናገረው ነገርም ጥቂት ነበር።

ይህ ሁሉ ተመልሶ የመጣብኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ከአዲሱ ገበያ ጧፍ ገዝቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ታክሲው ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። የቤንዚኑ ሽታ በመስኮቱ ገብቶ ከሰሙ ሽታ ጋር ተቀላቀለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ሳብኩት፤ መውረጃዬም አለፈኝ።

ግቢው የቀበሌ ነበር። በአንደኛው ክፍል እናቴና እኔ፣ በሌላኛው ጋሽ ተክሌ እንኖራለን። ጋሽ ተክሌ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መካኒክ ነበሩ፤ ሙያውን የተማሩት ከጣሊያኖች ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር በዚያው ክረምት ከሚሠሩበት ጋራዥ «ዓይንዎን ያሳርፉ» ተብለው ተሰናብተዋል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ይወጡና ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። የሥራ ልብስ ለብሶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው የሚያስፈራ ነገር አለው። እኔ በፊታቸው ሳልፍ በእግሬ ጣት ነበር የምራመደው።

መኪናዋን ያስጎተቱት ጋሽ ሱልጣን ነበሩ፤ አዲሱ ገበያ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ። አገሩን ለቅቆ ከሄደ ጣሊያናዊ ደንበኛቸው ገዝተዋት መጋዘን ውስጥ ጆንያ አልብሰው ለዓመታት አስቀምጠዋት ኖሯል።

«ተክሌ፣ ይቺን ከሞት ታስነሳልኛለህ?» አሉ።

ጋሽ ተክሌ በዝግታ ተነሥተው መጡ። መኪናዋን አላዩዋትም፤ ዳሰሷት። ከፊት መብራቷ ጀምረው፣ ጎኗን ይዘው፣ ዞረው እስከ ጭራዋ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉና አሸተቱ።

«ሞታለች ያለህ ማነው? ተኝታ ነው እንጂ።»

«ያሳየሁት መካኒክ ሞተሩ ካልተቀየረ አለኛ።»

«ሞተሩ ምን አደረገው! የዚች በሽታ ጉሮሮዋ ላይ ነው። ያው ቤንዚን ሆዷ ውስጥ ሲከርም ሙጫ ሆኗል።»

ጋሽ ሱልጣን ሳቁ። «እንግዲያው ስማኝ። ሳትቆም ዳገቱን ቁስቋም ድረስ ከወጣች ሁለቱ የጭነት መኪኖቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥገናቸው ባንተ እጅ ነው፤ የወንድሜም ይጨመራል። ካልወጣች ለቁራሌው በኪሎ እሸጣታለሁ። አንተም ያኔ እውነትም ዓይንህን አሳርፍ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ለሰለሰ። ጋሽ ተክሌ ግን ሰምተዋል።

«ለቁስቋም በዓል፣» አሉ። «በዕለቱ ደጇ ላይ አቆማታለሁ።»

የቁስቋም ማርያም በዓል ኅዳር ስድስት ነው፤ ጽጌ የሚያበቃበት። ወር ያህል ቀርቶታል ማለት ነው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ ተክሌ የመኪናዋን ጉሮሮ፣ ካርቡራተሩን፣ ፈታተው በትሪ ላይ ደርድረውታል። ከምስር ብዙም የማይበልጡ የነሐስ ቁርጥራጮች ነበሩበት። በእግሬ ጣት ሳልፍ ሰሙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጥር ታነቢያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታነቢያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ?»

እንደገና ነቀነቅኩ።

«እየነቀነቅሽ ከሆነ አይታየኝም። አፍ የለሽም?»

«አነባለሁ፣» አልኩ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማኝ ድምፅ።

«ይበቃል። ጆሮዬ ደህና ነው። ነይ፣ እዚች ላይ የተጻፈውን በይኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረ። «ዓይኔ» ነበር የሚሉኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ እሮጣለሁ። በነሐሶቹ ላይ የተቀረጹትን ደቃቅ ቁጥሮች አነብላቸዋለሁ፤ ቀዳዳቸውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ብርሃን ማለፍ አለማለፉን እነግራቸዋለሁ። በአንዷ ቀዳዳ ውስጥ ግቢያችንን በሙሉ አየሁት፤ የባሕር ዛፉን አጥር፣ የእናቴን ልብስ ማስጫ ገመድ፣ እንጦጦን ሳይቀር፣ ሁሉም በአንዲት የብርሃን ነጠብጣብ ውስጥ።

«ምን ታያለሽ?»

«እንጦጦን።»

«እንግዲያው ጸድታለች።»

የቤንዚኑን ጋን ከመኪናዋ ሥር አውርደው ጠጠርና ላምባ ጨመሩበትና እንደ ቅል አንቀረቀቡት። የወጣው ውኃ የዝገት ሻይ ይመስል ነበር። ክዳኑን ደግሞ ከቀዳዳው ላይ አፋቸውን ገጥመው እፍ አሉበት። እየሠሩ ያወራሉ፤ ለኔ ይሁን ለመኪናዋ አላውቅም።

«ያለምክንያት የሚቆም መኪና የለም። ምክንያቱ ሳይታወቅ የዳነም አልዳነም፤ ፋታ ነው ያገኘው። ያዢልኝ ይሄን። ቤንዚኑን ግን ክደኚው ልጄ፣ ይበርራል።»

ዕቃ የሚያጥቡበት ቤንዚን በማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ነበር። «ይበርራል» ሲሉኝ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ክንፍ ያለው፣ የማይታይ፣ ወፍ መሳይ ነገር ነበር የታየኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ከመተኛቴ በፊት ክዳኑን ሳልነካ አልገባም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መኪናዋ አስላ፣ አስላ፣ ተነሣች። እናቴ ከጓዳ እጇን ሊጥ እንደነካው ወጣች፤ ጋሽ ተክሌ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው እንደ ቅዳሴ ያዳምጣሉ። ጋሽ ሱልጣን በዚያን ጊዜ በኩፖን የሚታደለውን የወር ቤንዚናቸውን በጀሪካን አምጥተው ሞሉላት። ቤንዚን የሚሰርቅ ብዙ ስለነበር ክዳኗ ቁልፍ ነበረው። ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«እስከ ወር ሌላ የለም፣» አሉ። «ቁልፉ ሱቅ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል። ጠብታ እንዳትባክን!»

ጠብታ እንዳትባክን። ማታ ብርጭቆዋን ለማየት ስወጣ በመኪናዋ ጎን አለፍኩ። ጎንበስ ስል የቤንዚን ክዳኗ ከአፍንጫዬ ጋር ትክክል ሆነ። ሸተተኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ክዳኑ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች፤ የጋሽ ሱልጣን ቤንዚን በዚያች እየበረረ ነው። ጋሽ ተክሌ አይታያቸውም፤ የሚያይላቸው እኔ ነኝ። እናቴ ከማኅሌት ያመጣችውን የጧፍ ቁራጭ ከመስኮቱ ሥር ወሰድኩ፣ በጣቶቼ መሐል እስኪለሰልስ አሸሁት፣ ቀዳዳዋን ደፈንኩ። በጥፍሬ ደልድዬ ጫፉን አስተካከልኩት። ሽታው ጠፋ።

ለማንም አልነገርኩም። ሰንበት ትምህርት ቤት ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አይወቅ ብለው አስተምረውናል፤ በጽጌ የተሠራ በጎ ነገር ደግሞ ከተነገረ አበባው ይረግፋል ይባል ነበር። እኔም አበባዬን ይዤ ተኛሁ። ሲነጋ ረስቼው ነበር።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ጋሽ ሱልጣን ሱቃቸውን ዘግተው መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳገቱ ይዘናት ወጣን። ጋሽ ሱልጣን ይነዳሉ፣ ጋሽ ተክሌ አጠገባቸው ተቀምጠው ያዳምጣሉ፣ እኔ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለችው የሻንጣ ቦታ ተኮራምቻለሁ። ባሕር ዛፎቹ በሁለት በኩል ያልፋሉ፤ ቅጠላቸው የምሽቱን ፀሐይ ቆራርጦ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። እየበረርን መሰለኝ። ቁስቋም ከመደረሱ በፊት ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። እዚያ ስንደርስ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ቆመች።

ጥቂት ቆይተን ስናስነሣት ተነሣች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ቆመች። ተመለስን።

ማክሰኞም እዚያው ዛፍ ሥር። ረቡዕም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለመዱን። ገና ከሩቅ ሲያዩን መሣቅ ይጀምራሉ።

«ጋሽ ሱልጣን፣ የኛ ሸክም ይሄዳል፤ የእርስዎ ሸክም ነው አልሄድ ያለው!»

«ድርቆሽ ያሳዩዋት እንጂ!»

«የሰው ቁስል አትንኩ እናንተ!» ይላሉ ጋሽ ሱልጣን፣ እየሣቁም እየተናደዱም።

ጋሽ ተክሌ አይሥቁም። ኮፈኑን ከፍተው እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ያወጡና ለኔ ይሰጡኛል።

«ዓይኔ፣ እርጥብ ነው ደረቅ?»

«ደረቅ ነው።»

«እንግዲያው ቤንዚኑ አልደረሰም።» ከዚያ ቱቦውን ይነቅላሉ፣ ፓምፑን በእጃቸው ይገፋሉ፤ ቤንዚኑ ፊጭ ብሎ ይወጣል፣ ንጹሕ ሆኖ። ቱቦውን እንደያዙ ወደ መኪናዋ ይዞራሉ። «ስጠይቃት ትሰጠኛለች፤ ስትሮጥ ትነፍገኛለች። ምን በደልኩሽ?»

እኔ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። መኪናዋ ጽጌን እየጾመች ነው። እናቴም ስትጾም ከፋብሪካ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ቁስቋም ሲደርስ ሁለቱም ጾማቸውን ይፈታሉ ብዬ ተጽናናሁ።

ጋሽ ተክሌ ግን እየደከሙ ሄዱ። ፓምፑን ፈትተው አዲስ ቆዳ ቆርጠው ቀየሩ። ማጣሪያውን አጠቡ። ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ገጠሙ። አንድ ቀን እናቴ ሻይ ወስዳላቸው፣ «ጋሼ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ሁሉንም ይዩት፣ ጋኑንም» አለቻቸው።

«ጋኑንማ በእጄ አጥቤዋለሁ፣» አሉ። «ያጸዳሁትን መልሼ አልጠረጥርም። ዓይኔ ሄዷል። እጄንም ካላመንኩ ምን ቀረኝ?»

ሻዩ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

ኅዳር አምስት፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ እናቴ ከቀበሌው ሱቅ ለኛና ለጋሽ ተክሌ በጋራ የደረሰንን የዘይት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ለሁለት እንድከፍለው አዘዘችኝ። ቆርቆሮው ድፍን ነበር። በሚስማርና በድንጋይ ጥግ ላይ አንድ ቦታ በሳሁና ጠርሙሱ ላይ ዘቀዘቅኩት። ዘይቱ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ነቀነቅኩት። ሁለት ጠብታ ሰጠኝና ደግሞ ቆመ።

«ምን ሆነሻል አንቺ፣ በሌላም በኩል ብሺው እንጂ!» አለች እናቴ ከውስጥ። «በምን ይተንፍስ? ነፋስ ካልገባ ዘይቱ በየት ይወጣል?»

በሌላው ጥግ በሳሁት። ቆርቆሮው ትንሽ ድምፅ አሰማ፣ አየር የሚስብ ሰው ዓይነት፤ ዘይቱም ሳይቆራረጥ፣ እየተንጸባረቀ ወረደ። ጠርሙሱ ሞልቶ እጄ ላይ ሲፈስስ አላወቅኩም። የማየው ዘይቱን አልነበረም። በጥፍሬ የደለደልኳትን ሰም ነበር።

ሮጬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ጋሽ ሱልጣንና ሁለት የሰፈር ሰዎች ቆመዋል፤ ከዳገቱ ገፍተው ያመጧት መኪና አጠገባቸው ናት። ጋሽ ተክሌ ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገዋል።

«ሱልጣን፣ ነገ ጠዋት ና፣» አሉ። «እጄ ከድቶኛል።»

«ቁራሌውን ልጥራው?»

እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ አነሡ። «ጥራው።»

አፌን ከፈትኩ። አራት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ድምፄ ደረቴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዘይት የነካ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ ቤት ገባሁ።

ሲነጋ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የቁስቋም ደወል ተሰማ። ከአጥራችን ውጭ ነጭ የለበሱ ሰዎች ዳገቱን ይወጣሉ፤ ጭጋጉና ነጠላው አይለይም። ከእናቴ ነጠላ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቀልኩና ወጣሁ። ጋሽ ተክሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። መኪናዋ ጤዛ ለብሳለች። መርፌውን ከፈትኩ፣ ከቀዳዳዋ ላይ አደረስኩት። አንዴ ብወጋት አበቃ። መኪናዋ ትሄዳለች፣ የጭነት መኪኖቹ ይመጣሉ፣ እኔም ምንም ሳልናገር ምስሬን እለቅማለሁ።

ምክንያቱ ሳይታወቅ የዳነ አልዳነም። ሰውየው የቀረውን ዕድሜውን እጁን እየጠረጠረ ሊኖር ነው። ይህን ያኔ በዚህ ቃል አላሰብኩትም፤ እጄ ብቻ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሄጄ እርጥብ አውራ ጣታቸውን ያዝኩ።

«ማነው? ዓይኔ ነሽ?»

ሳብኳቸው፤ ተከተሉኝ። ጣታቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩት። ጣቱ ዳሰሰ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ዳሰሰ። በጥፍራቸው ጫር አድርገው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት።

«ጧፍ?»

መርፌዋን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቀዳዳዋን በጣታቸው አገኟት፣ ወጓት። መኪናዋ አየር ሳበች። ከረጅም እንቅልፍ የሚነቃ ሰው እንደሚስበው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማያልቅ። ጋሽ ተክሌ እስኪጨርስ ድረስ አዳመጡት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲፈታ አየሁ።

«ይሄን የሠራ ማነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ጠበቁ። ራስ ሲነቀነቅ እንደማያዩ ረስቼ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሱልጣን ቁራሌውን አስከትለው ገቡ። ቁራሌው ሚዛኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጥቶ እናቴ መስኮት ከፈተች። «እኔ ነኝ ጋሽ ሱልጣን! ቤንዚንዎ እንዳይበርር በጧፍ ደፈንኩት! ጋሼ በደንብ ሠርተዋታል፤ እጃቸው አልከዳቸውም!»

ጋሽ ሱልጣን አንዴ እኔን፣ አንዴ ክዳኑን አዩ።

«ለኔ ቤንዚን ብላ?» አሉ። ከዚያ ወደ ቁራሌው ዞሩ። «በል ወንድሜ፣ ደህና ዋል። ዛሬ የሚመዘን የለም።»

ጋሽ ተክሌ የመኪናዋን በር ከፈቱ። ማንም ሳይጠራኝ ከወንበሮቹ ጀርባ ወደ ቦታዬ ገባሁ። ጋሽ ሱልጣን በበዓለኞቹ መሐል ጡሩምባ እየነፉ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ ቀስ ብለው ነዱ። ባሕር ዛፎቹ መጡ። ጋሽ ተክሌ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለዋል። መርፌ ቁልፏን አሁንም በጣታቸው ይዘዋታል።

«ዓይኔ፣» አሉ፣ «መንታው ዛፍ የት ደረሰ?»

«ከኋላችን ነው፣» አልኳቸው።